ራስን መጠበቅ ግዴታ ነውን?



በአማርኛ «ራስ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ከአንገት በላይ ያለው የአካል ክፍል ነው፤ ሁለተኛው ሰው «እኔ» የሚለው ማንነቱ ነው። «ራሱን መታው» ስንል ስለ አካሉ እንናገራለን፤ «ራሱን ጎዳ» ስንል ግን ስለ ሰውየው በሙሉ እንናገራለን። ሁለቱ በአንድ ቃል መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይመስልም። እጁ የተሰበረ ሰው ያው የቀድሞው ሰው ነው። ራሱን ክፉኛ የተመታ ግን ከሞት ቢተርፍ እንኳ አንዳንድ ጊዜ ሌላ ሰው ሆኖ ይነሣል፤ የትናንቱን አያስታውስም፣ ንግግር ያዳግተዋል፣ ጠባዩም ይለወጣል።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ በወጣቶች የውይይት ሰዓት የተነሣ ጥያቄ ነው። ባሕር ዳር ሜዳማ ከተማ በመሆኗ ብስክሌት ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ይዘወተርባታል። ከእኛም መካከል ወደ ትምህርት፣ ወደ ሥራና ወደ መዝሙር ጥናት በብስክሌት የሚመላለሱ ጥቂቶች አይደሉም። ታዲያ አንዲት እኅታችን «ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁልጊዜ ሄልሜት ማድረግ አለበት ወይስ እንደ ፈቃዱ ነው?» ስትል ጠየቀች። ጥያቄው ቀላል ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ሰዓቱ እስኪያልቅ ተከራክረን ሳንስማማ ተለያየን። እኔም የሁለቱን ወገን ሐሳብ በጥሞና መርምሬ የደረስሁበትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንድ፤ ሄልሜት ምን ይሠራል?

ስለ አንድ ነገር ከመከራከር አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይገባል። ብዙዎቻችን ሄልሜት የሚያድነው እንደ ብረት ድስት ጠንካራ ስለሆነ ይመስለናል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን የውጩ ቅርፊት ሳይሆን በውስጡ ያለው ፎም ነው። ይህም ቴሌቪዥን ሲገዛ ዕቃው እንዳይሰበር በካርቶኑ ውስጥ ከሚደረገው ነጭ ፎም ጋር ዓይነቱ አንድ ነው። ሰው ወድቆ ራሱ አስፋልቱን ሲመታ የራስ ቅሉ በቅጽበት ይቆማል፤ በውስጡ ያለው አንጎል ግን ጉዞውን ስለሚቀጥል ከአጥንቱ ጋር ይጋጫል። ፎሙ ሲጨፈለቅ ያ ድንገተኛ አቋቋም በጥቂቱ ይለዝባል፤ ወደ አንጎል የሚደርሰውም ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል። እንግዲህ ሄልሜት ሰውን የሚያተርፈው እርሱ በመጨፍለቅ ነው። ስለሆነም አንድ ጊዜ ከባድ ምት የተቀበለ ሄልሜት ውጩ ደኅና ቢመስልም ሥራውን ጨርሷልና መጣል አለበት። ማሰሪያው ካልተቆለፈም ሰውየው መሬት ሳይነካ ሄልሜቱ ከራሱ ላይ ሊወልቅ ይችላል።

ከሚገባው በላይም ተስፋ ልንጥልበት አይገባም። በአውሮፓ የደረጃ ፈተና ሄልሜቱ ከ1.5 ሜትር ገደማ ከፍታ በጠፍጣፋ ብረት ላይ እንዲወድቅ ይደረጋል፤ ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ሰው ከብስክሌት ላይ ሲወድቅ ከሚደርሰው ጋር ይቀራረባል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና ሲገጭ የሚደርሰውን ምት እንዲችል ግን አልተሠራም።

ይሁንና ጥቅሙ ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ጥናት 40 ቀደምት ጥናቶችን በአንድነት መርምሯል፤ በእነርሱም ውስጥ ከ64,000 በላይ የተጎዱ ብስክሌተኞች ተቆጥረዋል። ሄልሜት ባደረጉት ዘንድ ለከባድ የራስ ጉዳት የመጋለጥ ዕድል 69 በመቶ፣ ለሞት ለሚያደርስ የራስ ጉዳት የመጋለጥ ዕድል ደግሞ 65 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። «ምንም አይጠቅምም» የሚለው ክርክር እንግዲህ እዚህ ላይ ያበቃል።

ሁለት፤ «የሚሰበረው የእኔ ራስ ነው» ለሚሉ

ከሚነሡት ተቃውሞዎች ዋነኛው የነፃነት ጥያቄ ነው። «የምወድቀው እኔ፣ የሚሰበረው የእኔ ራስ፤ ሌላው ምን አገባው?» ይባላል። ይህ በንቀት የሚታለፍ አነጋገር አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው ስለ ነፃነት በሚለው መጽሐፉ፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሊገደድ የሚገባው በሌሎች ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ብቻ ነው፤ ለራሱ ጥቅም ከሆነ ግን ይመከር እንጂ አይገደድ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ነገር ግን ይኸው ሚል፣ ሰው ራሱን በመጉዳቱ ለሌሎች ያለበትን ግልጽ ግዴታ የሚያፈርስ ከሆነ ጉዳዩ የግል መሆኑ ይቀራል ብሎም ጽፏል።

እስቲ ይህን በእኛ ኑሮ እንመልከተው። አንድ ወጣት ራሱን ተመትቶ ቢተኛ ሥራዋን ትታ አጠገቡ የምትቀመጠው እናቱ ናት። ለመታከሚያ የሚሸጠው የቤተሰቡ በሬ ወይም የእኅቱ የአንገት ሐብል ነው። ጓደኞቹ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ጎረቤት በተራ ስንቅ ያመላልሳል። የገጨው ሹፌር ምንም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ያንን ቀን ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት ይኖራል። ሰው ብቻውን በማይኖርበት አገር ብቻውን የሚወድቅ የለም።

ሆኖም ይህ ክርክር ያለ ልክ ከተጎተተ ሁሉንም ነገር ይከለክላል። ዛፍ መውጣት፣ ኳስ መጫወት፣ ሐይቅ ውስጥ መዋኘት፣ ብስክሌቱ ራሱም ይቀራል። ደግሞም በአገራችን መንገድ ላይ ከብስክሌተኛው ይልቅ በብዛት የሚሞተው እግረኛው ነው፤ ታዲያ እግረኛውስ ለምን ሄልሜት አያደርግም? ይህን የጠየቀ ወንድማችን አስቆን ነበር፤ ጥያቄው ግን መልስ ይፈልጋል።

እንደ እኔ አስተያየት መመዘኛው ሦስት ነገር ነው። ይኸውም ሊደርስ የሚችለው ጉዳት ምን ያህል ከባድ ነው? መከላከያው ያንን ጉዳት ምን ያህል ይቀንሳል? ሸክሙስ ምን ያህል ነው? እግረኛ መሬት ላይ ነው፤ ፍጥነቱም ትንሽ ነው፤ የሚገድለው መኪና ደግሞ መላ አካሉን ስለሚመታ የብስክሌት ሄልሜት ብዙ አያስጥለውም። ብስክሌተኛው ግን ከፍ ብሎ ተቀምጦ በሁለት ጎማ ይሮጣል፤ እርሱን ለመጣል መኪናም አያስፈልግም፤ አንድ ጉድጓድ፣ የተበተነ አሸዋ ወይም የተበጠሰ ፍሬን ይበቃል። ሸክሙስ? ከግማሽ ኪሎ በታች የሆነ ዕቃ ነው። ያልባል፤ የተሠራ ጸጉር ያበላሻል፤ ነጠላ ለተከናነበች እኅት አይመችም፤ የሰፈር ልጆችም «ጨረቃ ላይ ልትወጣ ነው ወይ?» ብለው ያሾፋሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ከአንጎል ጋር የሚስተካከል አይደለም።

ሦስት፤ «ቀኑ ካልደረሰ» ለሚሉ

ሌላው በእኛ ዘንድ የሚዘወተረው መልስ «ሰው ቀኑ ካልደረሰ አይሞትም» የሚል ነው። ይህን የሚናገር ሰው እምነት ያለው መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ያው ሰው ማታ በሩን ይቀረቅራል፤ ብስክሌቱን ገበያ ሲያቆም በሰንሰለት ያስራል። ቀን የሚታመነው ለራስ ሲሆን ብቻ ነው እንዴ? ለብስክሌቱ ሰንሰለት የገዛ ሰው ለራሱ ሄልሜት ቢነፍግ ነገሩን እምነት ከማለት ይልቅ ቸልተኝነት ማለት ይቀላል። አባቶቻችንም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለዋል።

ከዚህም ሌላ አነጋገሩ የሚያስበው ስለ ሞት ብቻ ነው። ቀኑ ሳይደርስ የወደቀ ሰውም አለ፤ አይሞትም፤ ነገር ግን ከላይ እንደተናገርነው የእናቱን ስም ለመጥራት የሚቸገር ሆኖ ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል።

አራት፤ ከተወዳዳሪዎች የምንማረው

ሄልሜትን የተቃወሙት ብስክሌት የማያውቁ ሰዎች ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1991 የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ተወዳዳሪዎች ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርጉ ባዘዘ ጊዜ፣ ከፓሪስ ወደ ኒስ በሚደረገው ውድድር ላይ ተወዳዳሪዎቹ አድመው ትእዛዙን አስተዉት። ሙቀቱን፣ ነፃነታቸውንና ልማዳቸውን ምክንያት አደረጉ። ከአደጋው ጋር በየቀኑ የሚኖሩት እነርሱ ነበሩ፤ ቢሆንም አልተቀበሉም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995፣ በባርሴሎና ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው ጣሊያናዊው ፋቢዮ ካዛርቴሊ በቱር ደ ፍራንስ ውድድር የተራራ ቁልቁለት ሲወርድ ወድቆ ሞተ። ዕድሜው 24 ነበር፤ ገና ሕፃን የሆነ ልጅም ነበረው። ሄልሜት ቢያደርግ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ በሚለው ላይ ባለሙያዎች ተከራክረዋል፤ የእርሱ ሞትም ቢሆን ደንቡን አላስለወጠም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 ደግሞ በዚያው በፓሪስ–ኒስ ውድድር ላይ ካዛክስታናዊው አንድሬይ ኪቪሌቭ ከሌሎች ጋር ተጋጭቶ በራሱ ወደቀና በማግሥቱ ሞተ። በግንቦት ወር ሄልሜት ግዴታ ሆነ። በመጀመሪያ በውድድሩ ማብቂያ ላይ ባለው ዳገት እንዲያወልቁት ተፈቅዶ ነበር፤ በኋላ ያም ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአገራችን ልጅ ጽጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ሲወዳደር ያለ ሄልሜት የሚጋልብ አንድም ሰው አልነበረም፤ ይህም ለማንም እንደ ጭቆና አልታየም።

ከዚህ የምንማረው፣ ነፃነት ብለን የምንሟገትለት ነገር አንዳንድ ጊዜ ልማድ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ነው። በልማዱ ውስጥ ሳለን ከነፃነት ለይተን ማየት ይቸግረናል።

አምስት፤ ሕግ ማውጣት ይበቃልን?

እንግዲህ «ሕግ ወጥቶ ሁሉም ይገደድ» የሚል ሐሳብ ይከተላል። ይህም ተሞክሯል። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 1990 ጀምሮ ሄልሜትን በሕግ አስገደደች። ከሕጉ በፊት ያደርጉ የነበሩት ብስክሌተኞች ከመቶ 31 ያህል ሲሆኑ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ 75 ያህል ሆኑ። የራስ ጉዳትም ቀነሰ። ነገር ግን በዚያው ወቅት በመንገድ ላይ የሚታዩት ወጣት ብስክሌተኞች ቁጥርም ቀነሰ፤ ሄልሜት ከማድረግ ብስክሌቱን መተው የመረጡ ነበሩ ማለት ነው። ጉዳቱ ከቀነሰበት ምክንያት የትኛው ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ክርክሩ ዛሬም አላለቀም።

በሌላ በኩል ሆላንድን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1971 በዚያች ትንሽ አገር ከ3,000 በላይ ሰዎች በመኪና አደጋ ሞቱ፤ ከእነርሱም ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጥተው የልጆች ግድያ ይቁም ሲሉ ጮኹ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት መንግሥትና ከተሞች የብስክሌቱን መንገድ ከመኪናው መንገድ ለዩ፤ በመኖሪያ ሰፈርም የመኪናን ፍጥነት ቀነሱ። ዛሬ ሆላንዳውያን ከሽማግሌ እስከ ሕፃን በብስክሌት ይሄዳሉ፤ አብዛኞቹም ሄልሜት አያደርጉም። የሆላንድ ምሳሌ ሄልሜት አያስፈልግም አይልም፤ እነርሱም ይወድቃሉ፣ ይጎዳሉ። የሚያስገነዝበን ግን የብስክሌተኛውን ራስ መጠበቅ የብስክሌተኛው ሥራ ብቻ አለመሆኑን ነው። መንገድ የሚሠራው፣ መኪና የሚነዳው፣ ፍጥነት የሚወስነውም ሁሉ ድርሻ አለበት።

አንድ ተጨማሪ ምሳሌ ልጥቀስ። ሄልሜት እንደሚጠቅም ከተናገሩት ጥናቶች መካከል ስመ ጥር የሆነው እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ በሲያትል አካባቢ የተደረገው ነው። በኋላም ሲያትል ያለችበት ኪንግ ካውንቲ ሄልሜት የማያደርጉትን የሚቀጣ ሕግ ነበረው። ነገር ግን ሲመረመር በዚህ ሕግ የሚቀጡት ከድርሻቸው በላይ ቤት የሌላቸው ሰዎችና ጥቁሮች ሆነው ተገኙ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2022 ሕጉ ተሻረ። የሻሩትም ሰዎች ቢሆኑ «ሄልሜት አድርጉ» የሚለውን ምክር አልተዉም። ምክሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ዱላው ያረፈው በድሀው ላይ ነበር።

ስድስት፤ ጥያቄው መቼ ይጠየቃል?

እዚህ ላይ ወደ እኛ ልመለስ። ባለፈው ዓመት ከመዘምራኑ አንዱ ወንድማችን ከሥራ ሲመለስ ያለ ምልክት የታጠፈ መኪና ገጭቶት ነበር። ክንዱ ተሰብሮ፣ ግንባሩ ተሰፍቶ ተኝቶ ሳለ ሊጠይቁት የመጡ ሰዎች ከ«እግዜር ይማርህ» ቀጥለው ያነሡት ጥያቄ «ሄልሜት አድርገህ ነበር?» የሚል ነበር። አላደረገም ነበር። ይህን ከሰሙ በኋላ ስለ ሹፌሩ የሚናገር አንድም ሰው አልተገኘም። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። ወንድማችን ዳቦ በብስክሌት እያደረሰ እናቱን የሚረዳ ልጅ ነው፤ ብስክሌቷም የአሠሪው ናት። ሄልሜት መግዛት ይቅርና የጎማ መለጠፊያ እንኳ ከቀን ሒሳቡ የሚቆረጥበት ነው።

ያ ጥያቄ መጥፎ ጥያቄ አልነበረም። ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ከመንገድ በፊት «ሄልሜትህን አድርገሃል?» ብሎ መጠየቅ የወንድም ሥራ ነው። ከወደቀ በኋላ መጠየቅ ግን ብዙውን ጊዜ ፍርድ ነው፤ የገጨውን ነፃ ያወጣል፤ ጠያቂውንም «እኔን አያገኘኝም» ብሎ እንዲጽናና ያደርገዋል። ሁለቱ በቃል አንድ ናቸው፤ በሥራ ግን ተቃራኒ ናቸው። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ደግሞ ከጠየቁት መካከል አንዳቸውም ከአደጋው በፊት ያንን ጥያቄ ጠይቀውት አለማወቃቸው ነው።

ስለዚህ ለተነሣው ጥያቄ የእኔ መልስ «አዎን፣ ሁልጊዜ» የሚል ነው፤ ነገር ግን ይህ «አዎን» ለሁሉም ሰው በአንድ ቃና የሚነገር አይደለም።

ለራሳችን ስንናገር ያለ ምክንያት፣ ያለ «ዛሬ ቅርብ ነው» እንበለው። አደጋ ቀጠሮ አይሰጥምና በየቀኑ «ዛሬስ ያስፈልገኛል?» ብሎ የሚመርጥ ሰው አንድ ቀን መሳሳቱ አይቀርም። ልማድ ያደረገው ግን ከምርጫው ድካም ያርፋል።

በእጃችን ላሉ ልጆች ስንናገር ግዴታው የእኛ እንጂ የእነርሱ አይደለም። በየሰፈሩ ሜዳ ላይ ብስክሌት በሰዓት የሚከራዩት ሕፃናት አደጋን መዝነው የመረጡ አይደሉም። ታናሽ ወንድሙ እንዲከራይ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ስለ ራሱም አብሮ ሊያስብለት ይገባል።

ለሌላው አዋቂ ሰው ስንናገር መምከር እንጂ መፍረድ የእኛ ድርሻ አይደለም።

ለሌለው ሰው ደግሞ ምክርም አይበቃም። ባዶ እጁን ላለ ሰው «ግዛ» ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን እኛ አዋጥተን ጥቂት ሄልሜቶች ብንገዛ፣ በየዕለቱ በብስክሌት ለሚሠሩ ወንድሞቻችንም ብናድል፣ ወይም ከየሰፈሩ አከራዮች ጋር ተነጋግረን በእነርሱ ዘንድ ብናስቀምጥ ከብዙ ክርክር ይሻላል። ስንገዛም ከልባሽ ዕቃ ተራ የሚገኘውን በጥንቃቄ እንመልከት፤ ፎሙ የተሰነጠቀ ወይም የተጨፈለቀ እንደሆነ ርካሽነቱ አይጠቅመንም። ለልጅ የትልቅ ሰው ሄልሜት መስጠትም ልቅ ስለሚሆን አይረባም።

በአጠቃላይ ሰው የራሱን ራስ የሚጠብቀው ለራሱ ብቻ ብሎ አይደለም፤ የሌላውንም ራስ መጠበቅ አለበት። ሄልሜቱን ያሰረ ሰው ከግዴታው እኩሌታውን ፈጽሟል። የቀረው እኩሌታ ያላሰረው ሰው የሚያስርበትን ነገር ማግኘቱን ማየት፣ ቢወድቅም ከፍርድ በፊት ማንሣት ነው። በውይይታችን ላይ የነበሩ ወንድሞችና እኅቶች በዚህ የማይስማሙ ቢሆን በሚቀጥለው እትም መልሳቸውን እንዲጽፉ እጋብዛለሁ። የመዋጮውን ነገር ግን መልሱ እስኪመጣ ሳንጠብቅ ብንጀምረው መልካም ነው።

ቸር ያሰንብተን።